ካርል ሮጀርስ፦ ሳይኮቴራፒን ያስተማሩ፣ የመረመሩና የሠሩበት ፕሮፌሰር — ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሥነ ልቦናና የምክክር አገልግሎት ተማሪዎች የካርል ሮጀርስን ስም ገና በመጀመሪያው ዓመት ይሰማሉ። ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት ግን ሦስት አራት ቃላት የተሸከመ ንድፈ ሐሳብ ብቻ ነው፤ ሰውየው ዕድሜያቸውን በምን ሥራ እንዳሳለፉ የሚነገረው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚያ ሥራ ላይ ያተኩራሉ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካርል ሮጀርስ ማን ናቸው?

ካርል ሮጀርስ በጥር 8 ቀን 1902 ከቺካጎ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ኦክ ፓርክ ተወልደው በየካቲት 4 ቀን 1987 በካሊፎርኒያ ያረፉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል በሮቼስተር ከተማ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ከሠሩ በኋላ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ1940 እስከ 1945፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከ1945 እስከ 1957፣ ከዚያም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እስከ 1963 ድረስ አስተምረዋል። ተገልጋይ ተኮር የሚባለው ሳይኮቴራፒ (በንግግር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) መሥራች ሲሆኑ፣ በ1947 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ የቆመበት አስተያየት አንድ ነው፦ የሮጀርስ ትልቁ ውለታ በቴራፒስቱና በተገልጋዩ መካከል በዝግ በር የሚካሄደውን ንግግር ሌሎች እንዲያዳምጡት፣ እንዲመዝኑትና እንዲተቹት መክፈታቸው ነው። ማስተማራቸውም፣ ምርምራቸውም፣ ሕክምናቸውም እርስ በርስ የሚያያዙት በዚሁ ክር ነው።

ወደ ሥነ ልቦና የገቡት በምን መንገድ ነው?

መንገዱ ቀጥተኛ አልነበረም። ቤተሰቡ አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነበር፤ ካርል የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉም ከከተማ ወጥቶ በእርሻ ቦታ ሰፈረ። በዚያም አባታቸው እርሻውን በሳይንሳዊ ዘዴ ለማካሄድ ያመጧቸውን የግብርና መጻሕፍት እያነበቡ፣ ሙከራ ማለት ምን እንደሆነ፣ አንዱ መኖ ከሌላው ይሻል እንደሆነ በምን እንደሚታወቅ ገና በልጅነታቸው ተረዱ። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም የመረጡት ግብርናን ነበር። ኋላ ግን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ለመዘጋጀት ወደ ታሪክ ትምህርት ተዛወሩ፤ በ1922ም ለዓለም አቀፍ የክርስቲያን ተማሪዎች ጉባኤ ወደ ቻይና ተጉዘው ወራት ቆዩ። ይህ ጉዞ ከወላጆቻቸው ጥብቅ እምነት ወጣ ብለው በራሳቸው እንዲያስቡ አድርጓቸዋል።

በ1924 ትዳር መሥርተው በኒው ዮርክ በሚገኘው የዩኒየን ሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ገቡ። ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ፣ አንድን የተወሰነ ሃይማኖታዊ አቋም ይዞ ለመኖር በሚያስገድድ ሙያ ውስጥ መቆየት እንደማይችሉ ስለተሰማቸው፣ በጎረቤት ወዳለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ተሻገሩ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆችን የባሕርይ ሁኔታ ስለመለካት ባቀረቡት ጥናት በ1931 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ዲግሪው ሲሰጣቸው ግን በሥራ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በሮቼስተር ያሳለፉት ጊዜ ለምን ይህን ያህል ይነሣል?

ኋላ በመጻሕፍት ያሰፈሩት ሐሳብ የበቀለው እዚያ ስለሆነ ነው። ከ1928 ጀምሮ የሠሩት በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጭካኔን ለመከላከል በተቋቋመ ማኅበር ሥር ባለ የልጆች ጥናት ክፍል ነበር። ወደ እርሳቸው የሚመጡት ፍርድ ቤትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚልኳቸው፣ የሰረቁ፣ ከቤት የጠፉ፣ ትምህርት ቤት አልገዛም ያሉ ልጆች ነበሩ። ልጁን መርምሮ፣ የቤተሰቡን ታሪክ አጠናቅሮ፣ ምን ይደረግለት የሚለውን መወሰን የዕለት ሥራቸው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ዘዴ ያምራል ተብሎ አይያዝም፤ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ጥያቄ በየሳምንቱ ይነሣል።

ሮጀርስ ራሳቸው ደጋግመው የሚያነሱት አንድ አጋጣሚ አለ። እጅግ የሚያስቸግር ልጅ ያላት አንዲት አስተዋይ እናት ወደ ክፍሉ ትመጣለች። ሮጀርስ የችግሩ ምንጭ እናትየዋ ልጁን ገና ከሕፃንነቱ አለመቀበሏ እንደሆነ ደምድመው ነበርና፣ ይህን ራሷ እንድታስተውለው በዘዴ ሊያመጧት በብዙ ቀጠሮ ይደክማሉ፤ የተናገረችውን ሰብስበው መልሰው ያሳዩዋታል፤ ነገር ግን ፈቀቅ የሚል ነገር የለም። በመጨረሻም ሁለታችንም የምንችለውን ሞክረናል፣ አልተሳካምና እዚህ ላይ ብናቆም ይሻላል ይሏታል። እርሷም ትስማማለች። ተጨባብጠው ወደ በሩ ከሄደች በኋላ ግን ዘወር ብላ፣ እዚህ ለአዋቂዎችም አገልግሎት ትሰጣላችሁ ወይ ብላ ትጠይቃለች። አዎን ሲሏት፣ እንግዲያው እርዳታ እፈልጋለሁ ብላ ወደ ወንበሯ ትመለስና፣ ስለ ትዳሯ ተስፋ መቁረጥ፣ ከባሏ ጋር ስላለባት መራራቅ፣ ውስጧን ስለሚያውከው የመሸነፍ ስሜት ትዘረግፈው ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ የሰጠችው ደረቅ የቤተሰብ ታሪክ ከዚህ አንድም የሚመስል ነገር አልነበረውም። እውነተኛው ሕክምና የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ለእርሷም ለልጇም ፍሬ ሰጠ።

ሮጀርስ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት የት እንደሚያመው፣ ወዴት መሄድ እንዳለበት፣ የትኛው ነገር ውስጥ ውስጡን እንደሚበላው የሚያውቀው ተገልጋዩ ራሱ ነው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ባለሙያው መርማሪና ወሳኝ፣ የመጣው ሰው ደግሞ ተመርማሪ ነበርና፣ ይህን ማለት የሥልጣን ወንበርን መልቀቅ ነበር።

ሕክምናን በድምፅ መቅረጽ ምን የተለየ ነገር አመጣ?

በ1940 ሮጀርስ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ በሙሉ ፕሮፌሰርነት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 11 ቀን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ስለ አዳዲስ የሳይኮቴራፒ ሐሳቦች ያደረጉትን ንግግር፣ እርሳቸው የተገልጋይ ተኮር ሕክምና የልደት ቀን አድርገው ይቆጥሩታል። ከንግግሩ በላይ ዘመኑን የለወጠው ግን በዩኒቨርሲቲው ያቋቋሙት የተግባር ልምምድና የመቅረጫ መሣሪያው ነው።

ከዚያ በፊት ሠልጣኝ ቴራፒስት ለመምህሩ የሚያቀርበው ከቀጠሮው በኋላ ከትዝታው የጻፈውን ማስታወሻ ነበር። ትዝታ ደግሞ ባለቤቱን ያስውባል፤ ሠልጣኙ የተገልጋዩን ንግግር ያቋረጠበትን፣ ዝምታውን መቋቋም አቅቶት ምክር ያዘነበበትን ቅጽበት አይጽፈውም፤ ብዙ ጊዜም አያስታውሰውም። ሮጀርስና ተማሪዎቻቸው በተገልጋዩ ፈቃድ ንግግሩን በሸክላ ላይ መቅዳት ጀመሩ። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለነበር፣ የአንድ ሰዓት ቀጠሮ ለመቅዳት ሸክላ ሳያቋርጡ መለወጥ ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያም እያንዳንዱን ቃል አዳምጦ በጽሑፍ ማስፈር ይቀራል። ይህ ሁሉ ድካም ያስገኘው ውጤት በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ታየ፤ የአንድ ተገልጋይ ስምንት ቀጠሮዎች፣ የቴራፒስቱና የተገልጋዩ ንግግር ቃል በቃል ከትንታኔ ጋር ቀረቡ። አንድ ሙሉ ሕክምና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚህ መልክ ሲታተም የመጀመሪያው ነው።

ሮጀርስ ቅጂዎቹን ሲያዳምጡ በራሳቸው ሥራም ያላሰቡትን አገኙ። ገፋ አድርገው የጠየቁባቸው፣ የተረጎሙባቸውና ያሳመኑባቸው ቦታዎች ተገልጋዩን ሲያስሸሹ፣ የሰሙትን በጥሞና መልሰው የገለጹባቸው ቦታዎች ግን ንግግሩን ወደ ጥልቀት ሲወስዱት ይሰማል። ዛሬ በየትኛውም የሳይኮቴራፒ ማሠልጠኛ ሠልጣኙ ቅጂ ይዞ ለሱፐርቪዥን፣ ማለትም ሥራውን ልምድ ላለው ባለሙያ ለማስገምገም፣ ሲቀርብ የሚከተለው እርሳቸው የጀመሩትን መንገድ ነው።

እንዴት ያስተምሩ ነበር?

በክፍል ውስጥም የያዙት አቋም በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ከያዙት የተለየ አልነበረም። ረጅም ሌክቸር አይሰጡም፤ ተማሪዎች የሚያነቡትን ራሳቸው እንዲመርጡ፣ የሚወያዩበትን ራሳቸው እንዲያመጡ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን እንዲገመግሙ ይተዉ ነበር። መምህር ፊት ለፊት ቆሞ እንዲያስጽፈው የለመደ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራ ይጋባ ነበር፤ አንዳንዱም ይቆጣ ነበር። በ1952 በሃርቫርድ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ አንድ ሰው ለሌላው ሊያስተምረው የሚችለው ነገር ሁሉ በጠባይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የማይባል ነው፣ ጠባይን የሚለውጠው ሰው ራሱ አግኝቶ የራሱ ያደረገው ዕውቀት ብቻ ነው በማለታቸው በተሰበሰቡት መምህራን ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሣ።

በዚህ መንገድ ያለፉት ተማሪዎቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው የመምህራቸውን ቃል ከመድገም ይልቅ የየራሳቸውን መንገድ ይዘው ወጥተዋል። ቨርጂኒያ አክስላይን ዘዴውን ወደ ልጆች የጨዋታ ሕክምና አሸጋገሩት፤ ዩጂን ጀንድሊን ሰው በሰውነቱ ውስጥ የሚሰማውን ያልተጠራ ስሜት እንዲያደምጥ የሚያሠለጥን ስልት አወጡ፤ ቶማስ ጎርደን ደግሞ ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና አዘጋጁ። የአንድን መምህር ጥራት ከሚያሳዩት ነገሮች ሁሉ ለእኔ ይህ ይበልጥብኛል።

ሳይኮቴራፒ ሰውን እንደሚለውጥ በምን ለኩት?

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1945 ያቋቋሙት የምክክር ማእከል ተማሪዎችና ከተማው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች የሚታከሙበት፣ ሠልጣኞች የሚለማመዱበት፣ እንዲሁም ምርምር የሚካሄድበት አንድ ቦታ ነበር። ወቅቱም ጥያቄው የተጋጋለበት ነበር፤ በ1952 እንግሊዝ አገር ይሠሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ባለሙያ ሃንስ አይዘንክ ሳይኮቴራፒ ሕመምተኞችን እንደሚያድን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም ብለው ጽፈው ነበር።

የማእከሉ ተመራማሪዎች ካርዶችን ተጠቀሙ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ስለ ራስ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ተጽፏል፤ ለምሳሌ በሰው ፊት ዓይን አፋር ነኝ የሚል ዓይነት። ተገልጋዩ 100 ካርዶችን ከፍጹም እኔን አይመስልም እስከ በጣም እኔን ይመስላል በተደረደሩ ክምሮች ይከፋፍላቸዋል። ከዚያ ያንኑ ካርድ እንደገና ወስዶ፣ መሆን የምመኘው ሰው እንዲህ ነው በማለት ይደረድራል። ሁለቱ ድርድሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በስታቲስቲክስ ይሰላል፤ ቁጥሩ ወደ 1 በተጠጋ መጠን ድርድሮቹ ይመሳሰላሉ፣ ዜሮ ከሆነ ግን ዝምድና የላቸውም። ከሕክምናው በፊት በ25 ተገልጋዮች መካከል አማካዩ ዝምድና ከዜሮ የማይለይ፣ ከዜሮ በታች 0.01 (-0.01) ነበር፤ ይኸውም ሰዎቹ ነኝ የሚሉትና መሆን የሚመኙት ፈጽሞ አይገናኝም ነበር ማለት ነው። ከሕክምናው በኋላ 0.34 ደረሰ። ከተገልጋዮቹ የተወሰኑት ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ለ60 ቀናት እንዲጠብቁ ተደርጎ፣ ለውጡ በጊዜ ማለፍ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ለማየት ተሞክሯል።

ጥናቱ እንከን አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ለንጽጽር የተወሰዱት ሌሎች ሰዎች ሕክምና ፈልገው የመጡ ስላልነበሩ መነሻቸው የተለየ ነበር፤ እንዲያውም የእነርሱ ቁጥር ከመጀመሪያውም 0.58 ነበር። ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ደግሞ ከሚኖረው ሊለይ ይችላል። ያም ሆኖ በ1954 በመጽሐፍ የወጣው ይህ ሥራ የሕክምና ክፍልን በር ለመለኪያ የከፈተ ሲሆን፣ በ1956 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰጣቸው ሦስት የሳይንስ አስተዋጽኦ ሽልማቶች አንዱን ለሮጀርስ አስገኝቷል።

ለለውጥ ያስፈልጋሉ ያሏቸው ሁኔታዎች ምንድን ናቸው? ዛሬስ ይሠራሉ?

በ1957 ባወጡት ጽሑፍ ስድስት ሁኔታዎችን ዘርዝረዋል፤ በሰፊው የሚታወቁት ሦስቱ የቴራፒስቱን አቋም የሚመለከቱት ናቸው። ቴራፒስቱ ውስጡና ውጩ አንድ ሊሆን ይገባል፤ ተገልጋዩን ቅድመ ሁኔታ ሳያስቀምጥ ሊያከብረውና ሊቀበለው ይገባል፤ የተገልጋዩን ዓለም በተገልጋዩ ዓይን እያየ ነገር ግን በራሱ ማንነት እንደቆመ ሊረዳለት ይገባል። ከዚህም በላይ፣ ተገልጋዩ ይህን መቀበልና መረዳት በጥቂቱም ቢሆን ሊሰማው ይገባል። ቴራፒስቱ ተረድቻለሁ ቢል ተገልጋዩ ግን ካልተሰማው፣ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ ደግሞ መናገር ተገቢ ነው።

ሮጀርስ እነዚህ ሁኔታዎች የግድ አስፈላጊም በቂም ናቸው ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ጥናቶች የቴራፒስቱ መረዳትና መልካም ግንኙነት ከውጤት ጋር እንደሚያያዙ ያሳያሉ። በቂ ናቸው የሚለው ግን አልጸናም። ለምሳሌ እጁን ደጋግሞ ካልታጠበ የማያርፍ ሰው፣ ከመልካም ግንኙነቱ በተጨማሪ የሚፈራውን ነገር ደረጃ በደረጃ የሚጋፈጥበት ሕክምና ይጠቅመዋል። ይህ የሮጀርስን ክብር አይቀንስም፤ ሐሳባቸውን በምርምር ሊረታ በሚችል መልክ የጻፉት ራሳቸው ናቸውና።

እውን ቴራፒስቱ ራሳቸው ሕክምና አስፈልጓቸዋል?

አዎን። በ1940ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ሳሉ በጽኑ የታመመች አንዲት ተገልጋይ ሲያክሙ፣ ልረዳት ይገባኛል በሚል ስሜት ከአቅማቸው በላይ ገፉበት። በመጨረሻም የእርሷን ስሜትና የራሳቸውን መለየት እስኪያቅታቸው ደረሱና፣ ሕክምናውን ለሥራ ባልደረባ አስረክበው ከባለቤታቸው ጋር ከከተማው ርቀው ለወራት ቆዩ። ሲመለሱም ከገዛ ማእከላቸው ባልደረቦች አንዱ ዘንድ ታከሙ። ይህን ሳይደብቁ በመናገራቸው፣ ባለሙያ መድከሙን እንደ ነውር ሸሽጎ የሚሠራበት ልማድ እንዲላላ ረድተዋል።

በዊስኮንሲን ምን ሆነ?

በ1957 ወደ ዊስኮንሲን የሄዱት በሥነ ልቦናም በሳይካትሪም (በአእምሮ ሕክምና) ትምህርት ክፍል አንድ ላይ ለማስተማር፣ ዘዴያቸውም ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ይሠራ እንደሆነ ለመፈተን ነበር። ጥናቱ የተካሄደው በሜንዶታ የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ታካሚዎቹ ሕክምና ፈልገው የመጡ አልነበሩም፤ ብዙዎቹም መናገር አይወዱም። ሮጀርስ ራሳቸው ከያዟቸው ታካሚዎች አንዱ ወጣት ከሰዓቱ አብዛኛውን በዝምታ ያሳልፍ ነበር፤ እርሳቸውም ዝምታውን ሳይሞሉት አብረውት ተቀምጠው፣ አልፎ አልፎ የሚገምቱትን ስሜት በአንድ ሁለት ቃል ብቻ ይገልጹለት ነበር። ወጣቱ ለማንም የማልጠቅም ነኝ ብሎ አልቅሶ የተናገረው በዚህ ዓይነት ረጅም ዝምታ ውስጥ ነው።

አጠቃላይ ውጤቱ ግን የተጠበቀው አልሆነም። ሕክምና ያገኙት በአጠቃላይ ካላገኙት ጎልተው አልተሻሉም፤ የተሻለ ለውጥ የታየው ቴራፒስታቸው የበለጠ መረዳት ባሳያቸው ታካሚዎች ዘንድ ነው። በምርምር ቡድኑ ውስጥም ከባድ አለመግባባት ተነሥቶ፣ የጥናቱ መጽሐፍ እስከ 1967 ዘገየ። በትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚፈተኑበትንና የሚጣሉበትን መንገድ አጥብቀው ስለተቃወሙ፣ በ1963 ዩኒቨርሲቲውን ለቀቁ። በቺካጎ የተመዘገበው ስኬት ብቻ እየተነገረ ይህ ሲዘለል፣ ተማሪው ምርምር ምን ማለት እንደሆነ የሚማርበት ምርጥ ምሳሌ ይቀርበታል።

ከሳይካትሪ ሐኪሞች ጋር ይጋጩ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

በመጠኑ። በ1939 በሮቼስተር የተቋቋመውን የምክር ማእከል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊመራው አይገባም፣ ሐኪም ያስፈልገዋል የሚል ክርክር ገጥሟቸው ረትተዋል። ዛሬ በብዙ አገር ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ ሳይኮቴራፒ ለመስጠት የተፈቀደለት እንዲህ ባሉ ክርክሮች ነው። መድኃኒት ማዘዝ ግን በአብዛኛው የሐኪም ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

ዩኒቨርሲቲውን ከለቀቁ በኋላስ?

በካሊፎርኒያ ላ ሆያ ኖሩ፤ በ1968 ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰው ጥናት ማእከልን አቋቋሙ። ሥራቸው ከአንድ ለአንድ ሕክምና ወደ ቡድን ውይይት ሰፋ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታትም ደቡብ አፍሪካንና ሶቪየት ኅብረትን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች፣ እርስ በርስ የሚፈራሩ ወገኖችን ያገናኙ መድረኮችን መርተዋል።

ምክር የለመደ ተገልጋይ ይህን ዘዴ ይቀበለዋል?

ይህን የሚጠይቁት በአማርኛ አገልግሎት የሚሰጡ ባለሙያዎች ናቸው። ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ንስሐ አባት የሚሄድ ሰው አቅጣጫ እንዲነገረው ይጠብቃል፤ ዝም ብሎ የሚሰማው ባለሙያ ሲገጥመው ሥራ እንደፈታ ሊቆጥረው ይችላል። እኔ የሚመስለኝ ባለሙያው በመጀመሪያው ቀጠሮ የአሠራሩን ምክንያት በግልጽ ቢያስረዳ፣ የተገልጋዩን ጥያቄም በአክብሮት ቢቀበል ይበጃል። መደመጥን የሚጠላ ሰው የለም፤ የሚያስቸግረው ያልተነገረለት ዝምታ ነው።

አንድ ተማሪ ከየት ይጀምር?

ከንድፈ ሐሳቡ በፊት ከቃል በቃል ቅጂዎቹ ቢጀምር እመርጣለሁ። ከተገልጋዩ አንድ ንግግር በኋላ የቴራፒስቱን መልስ በወረቀት ሸፍኖ፣ እኔ ብሆን ምን እል ነበር ብሎ ይጻፍ፤ ከዚያ ያስተያይ። ልምምድ ሲጀምርም፣ ተገልጋዩ በጽሑፍ ከፈቀደና ምስጢሩ ከተጠበቀ፣ የራሱን ቀጠሮ ይቅዳ። ሲያዳምጥ በመጀመሪያ የሚቆጥረው ተገልጋዩን ያቋረጠባቸውን ጊዜያት ይሁን፤ ቀጥሎ ደግሞ ተገልጋዩ ያልጠየቀውን ምክር የሰጠባቸውን። ሁለቱንም ቆጥሮ ወደ ሱፐርቫይዘሩ ይዞ ይሂድ።